መርፌውና «በቂ አይደለም» የሚለው መልስ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አግኝታ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» ይላል። እሷ ግን «ተመስገን፣ ነጻ ነኝ» ብላ ሻሸመኔ ተመለሰች። ወረቀቱን ሳነበው ደነገጥኩ። በእኛ በሂሳብ ሠራተኞች ዘንድ ደረሰኝ ጎደለ ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ ሂሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው። ለምርመራው ስንመለስ ደግሞ ሌላ፣ ወፈር ያለ መርፌ ቀረበ። ሁለት ዓይነት መርፌ ለምን እንዳስፈለገ ያነበብኩት ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ሆስፒታል ሄይስ ማርቲንና ኤድዋርድ ኤሊስ የተባሉ ባለሙያዎች ከእብጠት በመርፌና በሲሪንጅ ናሙና ስቦ የመመርመርን ዘዴ በጽሑፍ አወጡ። በኋላ የስዊድን ሐኪሞች በይበልጥ ቀጭን መርፌ አስፋፉት። ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በአገራችንም፣ በጥቁር አንበሳ ጭምር፣ በብዛት ተሠርቶበታል። ነገር ግን ቀጭን መርፌ የሚስበው የላላ ሕዋስ ነው። ጠንካራ እብጠት ሕዋሱን በቀላሉ አይለቅም። ቢለቅም ተበታትኖ ስለሚወጣ ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቶ መስፋፋቱን አያሳይም።

ስለዚህ ቁራጭ ሥጋ የሚያወጣ መርፌ ተሠራ። የውስጡ ዘንግ ጫፉ አጠገብ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ሥጋው እዚያ ሲገባ ስለታም የሆነው የውጪው ቱቦ በላዩ ተንሸራቶ ይቆርጠዋል። በእጅ ሲገፋ ግን ጠንካራ እብጠት ይሸሻል፣ መርፌውም አቅጣጫ ይስታል። ስዊድናዊው ፔር ሊንድግሬን በ1982 ያስተዋወቀው መሣሪያ ይህን በሞላ (ስፕሪንግ) ፈታው፤ መርፌው ተፈናጥሮ ስለሚገባ እብጠቱ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። አክስቴን ያስደነገጣት «ቋ» የሚል ድምፅ የዚያ ሞላ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ሥጋውን በአየር ስቦ የሚቆርጥ መርፌ መጣ። ይህም በእጅ ለማይዳሰሱ፣ በማሞግራም ብቻ ለሚታዩ ጥቃቅን የካልሲየም ነጥቦች ጠቀመ።

ከቁራጩ ሥጋ የሆርሞን ምርመራም ይሠራል። ሐኪሙ እንደ ታሞክሲፌን ያለ መድኃኒት ይጠቅም እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው።

በሰፈራችን «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ይባላል። አክስቴም በዚህ ምክንያት ልትቀር ነበር። መርፌ ካንሰር አያመጣም፤ ለበሽታው ጊዜ የሚሰጠው መዘግየት ነው። የሁለተኛው ናሙና መልስ ካንሰር ነው የሚል ሆነ። ከባድ ዜና ነበር፤ ግን ሕክምናዋን በጊዜ ጀመረች፣ ዛሬም ክትትል ላይ ናት።

እህቶቼ፣ «በቂ አይደለም» የሚል ወረቀት በእጃችሁ ካለ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ወደ ሐኪም መልሱት። ለሁለተኛው ጉዞ ትራንስፖርት ያጠራት ካለች ለማኅበሩ ትንገር። ብቻዋንም አትሂድ፤ ከመካከላችን አንዳችን አብረናት እንሂድ።