ስለ ሊኑክስ ከርነል አዘገጃጀት ታሪክ፤ በተለይም ስለ ኔትዎርክና ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥ

ከርነል የተባለው የሊኑክስ አስኳል እንደየባለቤቱ ፍላጎት ተመርጦ የሚዘጋጅ መሆኑ የታወቀ ነው። ሲዘጋጅም ስለ እያንዳንዱ ድራይቨር ከሦስት አንድ መልስ ይሰጣል፤ ይኸውም በከርነሉ ውስጥ ይግባ፣ ሞጁል ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፣ ወይም ጨርሶ ይቅር ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ምርጫ የመጠንና የፍጥነት ጉዳይ ያደርጉታል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ከሁሉ በፊት የቅደም ተከተል ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የመጀመሪያውን 0.01 ሲያወጣ፣ ዛሬ የምናውቀው ዐይነት ምርጫ ገና አልነበረም። ሥርዓቱ የሚነሣበት ዲስክ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ሌላ ዐይነት ዲስክ ያለው ሰው ጽሑፉን አርሞ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ግድ ይሆንበት ነበር። ኔትዎርክም አልነበረውም። የኔትዎርኩን ሥራ በ1992 ሮስ ቢሮ ጀመረው፤ ፍሬድ ቫን ኬምፐን፣ ከእርሱም በኋላ አለን ኮክስ አሻሻሉት፤ በ1994 የወጣው 1.0ም ከነኔትዎርኩ ቀረበ።

የድራይቨሩ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ሁሉን በከርነሉ ውስጥ ማጨቅ ስለማይመች ሞጁል መጣ። ነገር ግን ሞጁል የሚቀመጠው በዲስክ ላይ ነው፤ የዲስኩ ድራይቨር ራሱ ሞጁል ከሆነ፣ ቍልፍን ሣጥን ውስጥ ትቶ ሣጥኑን እንደ መቈለፍ ይሆናል። ለዚህ ቬርነር አልመስበርገርና ሃንስ ሌርመን ኢኒትአርዲ የተባለውን መፍትሔ አበጁ፤ በ1996 በወጣው 2.0ም ገባ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ማስነሻው ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር አንድ ትንሽ የፋይል ጥቅል ወደ ራም ይጭናል፤ አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች ከዚያ ተነሥተው ዋናው ዲስክ ይከፈታል።

የኔትዎርክ ካርድ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ሞጁል ቢሆን ጕዳት የለውም፤ ኔትዎርክ የሚፈለገው ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ነውና። ነገር ግን በዚያው በ2.0 ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር ዋናውን የፋይል ሥርዓት በኤንኤፍኤስ ከሌላ ኮምፒዩተር ማግኘት ስለ ቻለ፣ ተራው ተገለበጠ። በዚህ ጊዜ ኢኒትአርዲ ከሌለ የካርዱ ድራይቨር፣ አድራሻ ጠያቂው ክፍልና ኤንኤፍኤስ ሦስቱም በከርነሉ ውስጥ መገኘት አለባቸው። እኛም ለሙከራ ካርዱን ብቻ ሞጁል ብናደርገው፣ ኮምፒዩተሩ ዋናውን የፋይል ሥርዓት መክፈት አቅቶት ቆመ፤ ጥፋቱም የገዛ ምርጫችን ነበር።

በ2003 የወጣው 2.6 ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን የተሻለ ጥቅል አመጣ። ዛሬ ለብዙ ዐይነት ኮምፒዩተር የሚስማማ ከርነል ተዘጋጅቶ ስለሚታደል፣ አንዳንዶች ይህ ዕውቀት ከእንግዲህ አያስፈልግም ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ችግሩ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ከጥቅሉ አንድ አስፈላጊ ሞጁል ቢጐድል ኮምፒዩተሩ ያው አይነሣም። ስለዚህ ከርነል የሚያዘጋጅ ተማሪ መልሱን ከመምረጡ በፊት፣ መሣሪያው መቼ እንደሚፈለግና በዚያች ሰዓት ድራይቨሩ ከወዴት እንደሚገኝ ራሱን ይጠይቅ እንላለን።