ዩሪያ፣ ኩበት እና እምቦጭ፦ የጣና ዳር አፈር የማዳበሪያ ታሪክ

በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት ገበሬዎች «ማዳበሪያ አጣን» ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። ማሳው ታርሷል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ማዳበሪያው ግን የለም። በነሐሴ 2017 ደግሞ መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረመ። ያኔም አሁንም ክርክራችን ስንት ኩንታል ይመጣል፣ መቼስ ይደርሳል የሚል ነው። የመጣው ማዳበሪያ በመጨረሻ የት እንደሚገባ ግን አንጠይቅም። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብናየው ትልቁ ኪሳራችን እዚያ ላይ ነው።

ከከረጢቱ በፊት እንጀምር። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይፈሱና ከደጋው ያመጡትን ደለል ያለብሱታል። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሣር ይበቅላል፤ በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም የኖረችው በዚህ ሣር ነው። ለዚህ ግጦሽ ማዳበሪያ የገዛ ሰው አልነበረም። ናይትሮጅኑ የሚመጣው ከደለሉ፣ ከሣሩ መካከል ከሚበቅለው ማገጥ እና ከከብቱ ነው። ማገጥ እንደ ባቄላና ሽምብራ ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። ላሟም ከሣሩ ከምታገኘው ናይትሮጅን ከአራት ሦስት እጅ ያህሉን በእበትና በሽንት መልሳ ታወርዳለች። በወተትና በሥጋ የሚወጣው ጥቂት ነው።

ችግሩ የምታወርድበት ቦታ ነው። ላሟ ቀን በወል ግጦሽ ውላ ማታ በረት ታድራለች። የሌሊቱ እበት ግጦሹን አያገኘውም፣ እደጅ ይከማቻል። ጓሮው ይሰባል፣ ግጦሹ ይከሳል። በጎጃም ደጋ አንዳንድ ገበሬዎች በረቱን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ማሳቸውን የሚያዳብሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ኋላ ደኑ ሲመናመንና ማገዶ ሲጠፋ ግን እበቱ ከጓሮም ቀርቶ ኩበት ሆነ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው እንደ ፎስፈረስና ፖታስየም ያለው ነው። የአፈሩን ጉልበት በየምጣዱ ሥር አነደድነው ማለት ነው።

በዚህ መሀል ሌላው ዓለም ናይትሮጅንን ከአየር የሚያወጣበት መንገድ አገኘ። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ሠርቶ አሳየ፣ ካርል ቦሽ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካ አደረገው። ወደ እኛ ገበሬ በሰፊው መምጣት የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ በፋኦ ድጋፍ በተካሄዱ የማሳ ላይ ሙከራዎች ነው። ጭላሎ ላይ ካዱ ተከተለ፣ ከዚያ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም መጣ። በደርግ ጊዜ ማዳበሪያው በብዛት የሄደው ወደ መንግሥት እርሻና ወደ ማኅበራት ነበር። ከ1987 በኋላ በኤክስቴንሽን ፓኬጅ፣ በብድር፣ ለእያንዳንዱ ገበሬ ደረሰ። በ1994 ገደማ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅም የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል በሬውን የሸጠ ገበሬ ነበር።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስኬት የተለካው በተሠራጨው ኩንታል ነው። ግጦሽ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ ሲስፋፋ የፎገራ ግጦሽ እየታረሰ ሄደ። ከ1956 ጀምሮ በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ ማዕከል ዛሬ የፎገራን ዝርያ ከመጥፋት ለማዳን ይሠራል።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። 100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ውኃ የቋጠረ ዋልካ ላይ ደግሞ ወደ ናይትሬት የተቀየረው ክፍል በባክቴሪያዎች ተበልቶ ወደ አየር ይመለሳል። ዝናብ ሲበረታ ሌላው ይታጠባል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በዓለም ደረጃ የእህል ሰብል ከሚሰጠው ናይትሮጅን የሚወስደው 33 በመቶ ያህሉን ነው ብሎ ነበር። በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ ከጅቡቲ አጓጉዘን፣ በብድር አከፋፍለን የምናገኘው እህል የዚያን ሲሶ ነው።

ታጥቦ የሚሄደው ወዴት ይሄዳል? ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ጋር ወደ ጣና። ከ2004 ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባገኘ ቁጥር የሚባዛ አረም ነው። ጥፋቱ የማዳበሪያ ብቻ አይደለም፤ የተሸረሸረው አፈርም የከተማው ፍሳሽም አለበት። ግን ገበሬው በዕዳ የገዛው ናይትሮጅን የተወሰነው አረሙን እየቀለበ፣ በክረምት ገበሬው፣ በበጋ ዓሣ አስጋሪው ዋጋውን ይከፍላሉ።

«ታዲያ ወደ ፍግ እንመለስ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ያለ ዩሪያ ይህን ሁሉ ሕዝብ መመገብ አይቻልም፤ ፍጉም ብቻውን አይበቃም። የምለው፦ ፋብሪካው እስኪቆም ድረስ በእጃችን ያለውን አናባክን። ዩሪያው ባንዴ ከሚበተን ተከፍሎ፣ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ ተሰጥቶ አፈር ይልበስ። እበቱ ባዮጋዝ ውስጥ ቢገባ እሳቱንም ይሰጣል፣ ዝቃጩም ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። በቀረው የወል ግጦሽ ላይ ተራ ይበጅ፣ ማገጡ አብቦ ዘር እስኪጥል ጊዜ ያግኝ።

ግብርና ቢሮዎችም በየዓመቱ ስንት ኩንታል እንደተሠራጨ ሲነግሩን፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እህል እንደሆነ አብረው ይንገሩን። ያ ቁጥር እስካልታወቀ ድረስ የጎዴው ዩሪያ በርካሽ ቢመጣ እንኳ ሲሶው ወደ ጎተራ፣ የቀረው ወደ አየርና ወደ ጣና ነው።