የጭቃ ፈረስም ታሪክ አለው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም! ዛሬ ስለ መጫወቻ ፈረስ ልጽፍ ነው፤ አትሳቁ።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ማይ ሊትል ፖኒ» የሚባል የፕላስቲክ ድንክ ፈረስ ለገበያ አወጣ። በግሪክ፣ በጣሊያንና በብራዚልም ይመረት ስለነበር የአንዱ አገር ፈረስ ከሌላው በቀለም ይለያል። ዛሬ ይህችን ልዩነት እያደኑ የሚሰበስቡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ጥሩ ገንዘብም ያወጡባታል።

እኛስ? መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ወይ ከጭቃ ፈረስ ሠርቷል፣ ወይ ዱላ ጋልቧል። የእኛ ልዩነት ከፋብሪካ አይመጣም፤ እጅ ላይ ካለው ነገር ነው። ደገኛው የበግ ፀጉር አለው፣ ቆለኛው የማሽላ አገዳ።

ስሙስ? ትልልቆቹ በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። እኛም ከሽማግሌ የሰማነውን ስም ለዱላችን እናወጣ ነበር። መጽሐፍ ሳንይዝ የተማርነው ታሪክ ይሄ ነው።

የመኳንንቱ ኮርቻና ልጓም ሙዚየም ገብቷል። የእረኛውን ፈረስ ግን ክረምት ሲገባ ዝናብ ያፈርሰዋል፤ ስሙም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለባችሁ፤ ተመርቀናል ብላችሁ አታመልጡም! አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ ፈረሳችሁን ከምን ሠራችሁት? ጭራው ምን ነበር? ማን አላችሁት? ከነቀበሌው ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ በደብተር እሰበስባለሁ።