ፊደል የቈጠረ

በአገራችን ማንበብ የሚችለውን ሰው «ፊደል የቈጠረ» ብሎ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ፊደል የጻፈ ወይም ፊደል ያወቀ ሳይባል፣ ስለ ከብትና ስለ ገንዘብ በሚነገረው ግስ «ቈጠረ» መባሉ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱን የሚያገኘው በደብሩ ዐጸድ ውስጥ፣ በዋርካና በወይራ ጥላ ሥር፣ የኢትዮጵያ ሕፃናት ለብዙ መቶ ዓመታት የመጀመሪያውን የትምህርት ዘመናቸውን ካሳለፉበት ከንባብ ቤት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት እየተባለ በየደረጃው የሚወጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዝናው የሚነገረው የላይኛው ነው። የዋሸራው የቅኔ መምህር፣ የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር ስማቸው ከአገር አገር ሲጠራ፣ ሀ ሁ ያስቈጠረውን የመንደር የኔታ ከደብሩ አጥር ውጭ የሚያውቀው አልነበረም፤ ነገር ግን ከእነዚያ ሊቃውንት መካከል በእንዲህ ያለ ሰው እግር ሥር ሳይቀመጥ ወደ ላይ የወጣ አይገኝም። ስለዚህ እኔ ለመናገር የፈለግሁት ስለ ታችኛው ደረጃ፣ ይልቁንም ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው።

ንባብ ቤት፣ ቤት ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ ጣራም ግድግዳም አልነበረውም። የኔታ ከዛፍ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች እግራቸውን አጣጥፈው በመሬት ላይ ይከቧቸዋል። ልጁ ፊደል የተጻፈበትን ብራና፣ በኋላ ዘመን ደግሞ በካርቶን ላይ የተለጠፈውን የታተመ ገበታ፣ በጭኑ ላይ ዘርግቶ በቀኝ እጁ ስንደዶ ይይዛል። ጣት ወዛም ስለ ሆነ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ወፍራምም ስለ ሆነ አንዱን ፊደል ሲያሳይ ጎረቤቱን ይሸፍናል፤ የስንደዶ ጫፍ ግን የሚጠራውን ፊደል ብቻ ነክቶ ያልፋል። እኔም በልጅነቴ በዚህ መንገድ ከተማሩት አንዱ ነኝና፣ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የየኔታ ጆሮ ነው። ሃያ የምንሆን ልጆች፣ አንዱ ከለ፣ አንዱ ከቀ፣ አንዱ ከጠ ጀምረን፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ በየፊናችን ስንጮህ፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ዳዊት ይደግማሉ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ልጅ ሪን ሬ ብሎ ቢጠራ ግን ዳዊታቸውን ሳያቋርጡ ከጎናቸው ያለውን አርጩሜ ብድግ ያደርጉታል፤ የተሳሳተውም ልጅ ማን እንደ ሆነ ራሱ ያውቃል።

ገበታው ላይ ያሉት የግዕዝ ፊደላት 26 ሲሆኑ፣ በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ፤ አማርኛ ለራሱ ድምፅ የጨመራቸው ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀና ጨ ሲታከሉበት ደግሞ 33 ሆነው ዝርዝራቸው 231 ይደርሳል፤ እነ ቈና እነ ኰ፣ ዲቃሎች የተባሉት፣ ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። ሰባቱ እርከኖች ወደ ጽሕፈታችን የገቡት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ ሲሆን፣ ቀድሞ አናባቢ ሳይታይበት ይጻፍ የነበረው ፊደል እግሩንና እጁን እየቀጠለ ድምፁን ማሳየት እንደ ጀመረ የዚያ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። ልጁ ይህን ታሪክ አያውቀውም፤ እርሱ የሚያውቀው ዜማውን ነው። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ» እያለ፣ ገና አማርኛውን አጥርቶ ሳይናገር፣ የግዕዝን የተራ ቍጥር በአፉ ይለምዳል። አንዳንዱም መምህር እያንዳንዱን ፊደል ከሃይማኖት ምሥጢር ጋር እያዛመደ፣ ሀን ከአብ ቅድመ ዓለም መኖር ጀምሮ፣ ትርጓሜውን ያስጠናዋል።

ይሁን እንጂ ዜማው የራሱ ችግር ነበረው። ሕፃን ያዜመውን ቶሎ ይይዛልና፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንደዶው ሌላ መስመር ላይ ቆሞ ሳለ፣ እርሱ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይወርደዋል፤ አፉ ያወቀውን ዓይኑ ገና አላወቀውም። የጥንት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ስለ ተረዱ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ እንዲጠና ሥርዓት ሠርተዋል። በአቡጊዳ ገበታ ላይ መስመሩ በአንድ ፊደል ዝርዝር አይሄድም፤ የአንዱ ግዕዝ፣ የቀጣዩ ካዕብ፣ የሦስተኛው ሣልስ እየሆነ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብሎ ያልፍና፣ ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ፣ ሦስተኛው ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ እያለ በየጊዜው አንድ ፊደል ወደፊት ይራመዳል። በዚህ ጊዜ የሀ ሁ ዜማ አያድነውም፤ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ለይቶ መጥራት አለበት። የኔታም በዚህ ሳይበቃቸው ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያስጠሩ ይፈትኑታል። ልጅ አስተምሮ የማያውቅ ሰው ይህን ጥበብ ሊፈጥረው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

የአቡጊዳ ተራ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚለው የዕብራውያንና የሱርስት ፊደል ተራ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይህ ተራ ቀዳሚ ነው ብለው ስለ ተከራከሩ፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙላቸው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተዘጋጀው በአበገደ ነው፤ ደስታ ራሳቸውም በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በዚያው ሥርዓት ደርድረውታል። ነገር ግን የሀለሐመ ተራ በጥንት የደቡብ ዓረብ ጽሑፎች ላይም ተገኝቶአልና፣ ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን ናቸው ቢባል እውነት ነው። አቡጊዳ የሚለው ስምም ከንባብ ቤት ወጥቶ ሩቅ ተጕዟል፤ ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. የእኛንና የሕንድን የመሰሉትን ፊደሎች ሁሉ በዚህ ቃል ሰይመዋቸዋልና።

ከአቡጊዳ በኋላ ልጁ ወደ ሐዋርያ ይገባል። ይህ የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት ነው፤ ከፊደሉ ጋር በአንድ ገበታ ስለሚጻፍ ገበታው ፊደለ ሐዋርያ ይባላል። ንባቡም በአንድ ጊዜ የሚያዝ አይደለም፤ ቍጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እየተባለ ያው አንድ ምዕራፍ ደጋግሞ ይዘለቃል። በቍጥር ልጁ ቃሉን ፊደል በፊደል ለያይቶ፣ ለእያንዳንዱ ዜማ እየሰጠ፣ ሐዋርያ የሚለውን «ሐ»፣ «ዋ»፣ «ር»፣ «ያ» ብሎ፣ እንደ ገንዘብ አንድ አንድ እያነሣ ይቈጥረዋል። «ፊደል የቈጠረ» የሚለው አነጋገር የወጣው ከዚህ ይመስለኛል። በግዕዝ የተቈጠሩት ፊደላት ተገጣጥመው በዝግታ ቃል ይሆናሉ፤ በውርድ ንባብ እየፈጠነ ይወርዳል፤ በቁም ንባብ ዜማው ቀርቶ ንባቡ ራሱን ችሎ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ቃሉ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ወይም ተጣይ መሆኑን የሚለይ ጆሮ ያስፈልገዋል፤ ወዳቂውን አንሥቶ፣ ተነሹን ጥሎ ያነበበ ተማሪ ፊደሉን ሁሉ በትክክል ቢጠራ እንኳ አንባቢ አይባልም።

ልጁ ይህን ሁሉ የሚያነበው በማያውቀው ቋንቋ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ሰዎች ንባብ ቤትን ከሁሉ በላይ የነቀፉት በዚህ ነው፤ ትርጕሙን ሳያውቅ የሚጮህ ሕፃን ምን ተማረ ይላሉ። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ ከሐዋርያ አልፎ ዳዊት የደገመ፣ ወላጆቹም ደግሰው፣ ለየኔታ ልብስ አልብሰው ያስመረቁት ብዙ ሰው፣ ከዚያ ወደ እርሻው ተመልሶ፣ በየማለዳው 150ውን መዝሙር ከፍሎ እየደገመ፣ የሚለውን ሳያስተውል ዕድሜውን ጨርሷል። ነገር ግን ንባብ ቤት የተሠራበት ዓላማ በማኅበር ፊት ቆሞ፣ ሌላው ሰምቶ እንዲጠቀም፣ ቃሉን ሳያበላሽ የሚያሰማ ሰው ማውጣት ነው። መጽሐፍ በደብሩ አንድ ወይም ሁለት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ብዙው ሰው ቅዱስ ቃሉን የሚያገኘው በጆሮው ነበርና፣ የአንባቢው ምላስ ከአእምሮው አስቀድሞ መቃናት ነበረበት። ትርጓሜው በመጻሕፍት ቤት ይጠብቀዋል። ጥፋቱ ከብዙ ተማሪዎች እዚያ የሚደርሱት ጥቂት መሆናቸው ነው።

ፀሐይ ከገባች በኋላም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ስሙ ብቻ ይለወጥና የቃል ትምህርት ይባላል። ብርሃን ስለሌለ ገበታው ይታጠፋል፤ ልጆቹ በጨለማ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ክፍል፣ መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን ከታላላቆቻቸው አፍ እየተቀበሉ ያጠናሉ። ትናንት የተቀበለው ዛሬ ያቀብላል፤ ከሐዋርያ የደረሰው ልጅ ገና በሀ ሁ ላይ ላለው መምህሩ ነው። አንድ የኔታ ያን ሁሉ ሕፃን ብቻቸውን ሊያስተምሩ የቻሉት በዚህ ነው።

የሌለው ነገርም መነገር አለበት። በንባብ ቤት ጽሕፈት አይሰጥም ነበር። ትምህርቱ ራሱ «ቀለም» ይባላል፣ ያልያዘለትም ልጅ «ቀለም አይገባውም» ይባላል፤ ነገር ግን ያ ልጅ ቀለም በጣቱ ሳይነካ፣ ብርዕ ሳይጨብጥ ዳዊቱን ይፈጽማል። ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽና መጻፍ የቁም ጸሐፊው ሙያ ነውና፣ የፈለገ ለብቻው ሄዶ ይማረዋል። ሴት ልጅም ከመኳንንት ወይም ከካህናት ቤት ካልተወለደች ስንደዶ የምትይዝበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። አርጩሜውም የማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፤ የኰበለለ ልጅ የታሰረበትም ጊዜ አለ። ይህን አላስውበውም።

በዚያው ዘመን በወሎና በሐረር የሙስሊሙ ልጅ በቁርኣን ቤት ከአሊፍ ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ይሄድ ነበር፤ የእርሱ ገበታ ግን የእንጨት ሉሕ ነውና፣ የተጻፈበት ትምህርት ሲያዝ ቀለሙ በውኃ ታጥቦ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ የውጭ ቋንቋንና ሒሳብን ይዘው መጡ፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ እጅን ወደ ትምህርቱ አስገቡት፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱ ግን ወዲያው አልጠፋም። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የታተመ ፊደል በየቤቱ ስለ ገባ፣ ብዙ ወላጅ ልጁን ለአንድ ዓመት ያህል ለየኔታ ሰጥቶ፣ ፊደል ካስቈጠረ በኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባው ነበር። የእኔ ኀዘን አዲሱ ትምህርት እጅን ሲያስገባ ጆሮንና ድምፅን ማስወጣቱ ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ቃሉን ጽፎ ያሳያል፤ ከፍ ባለ ድምፅ አንብብልኝ ሲባል ግን ይቸገራል።

በንባብ ቤት የተማሩት ሽማግሎች እያለቁ ነው። አንባቢ ሆይ፣ አያትህ ወይም የጎረቤትህ አዛውንት ሐዋርያን በቍጥር የዘለቁ እንደ ሆነ፣ በዚህ ሳምንት ከፊታቸው ተቀመጥና የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቍጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እንዲያሰሙህ ለምናቸው፤ በእጅህ ባለው ስልክም ድምፃቸውን ቅዳው።