ስሙ የጠፋው ቀጪ

በቀድሞው የአገራችን የፍትሕ ልማድ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሞት ሲፈረድበት ፍርዱን የሚፈጽመው የሟች ወገን ነበር። ደመኛው ከተፈረደበት ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል፤ ካህንና ሽማግሌ መካከል ገብተው የደም ዋጋ ተቀብሎ እንዲምር ይማጸኑታል። ልማዱ ጨካኝ ነበር፤ ቢሆንም ቀጪው ማን እንደ ሆነ አገር ያውቃል፤ መማርም ሥልጣኑ ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ ይዞት የመጣው ቀጪ ግን ሌላ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተረሸኑት በትእዛዝ በተሰለፉ ወታደሮች ነው። ከዚያ ወዲህ ግድያው የሱሉልታን ሜዳ ተሻግሮ ወደ ሰላሌ ዘለቀ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን፣ ለጄኔራል ትራኪያ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ።

በየካቲት 12ቱ የቦምብ አደጋ የቆሰለው ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ ቂም ያዘ። ግንቦት 11 ቀን መነኮሳቱ ይረሸኑ ዘንድ ለጄኔራል ማሌቲ በቴሌግራም አዘዘ። ማግስቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነበር። ግንቦት 13 ቀን ምርኮኞቹ በካሚዮን እየተጫኑ ወደ ላጋ ወልዴ ተወሰዱ፤ በገደሉ አፋፍ ተደርድረው፣ ራሳቸው ላይ ሸራ ተደርቦ በመትረየስ ተፈጁ። ማሌቲ 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን ብሎ አስታወቀ፤ ከ5 ቀን በኋላም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ይገምተዋል።

እንግዲህ ቀጪው ማን ነው? ያዘዘው አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር። መትረየሱን የያዘው፣ ራሱም በቅኝ አገዛዝ ቀንበር ሥር የነበረ፣ የ45ኛው ሻለቃ አስካሪ ነው። ሻለቃው የተመረጠው ሙስሊሞች የተሰባሰቡበት ስለ ሆነ ነው፤ ክርስቲያን አስካሪዎች በመነኮሳት ላይ አንተኩስም ይላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበርና። አንዱን ጭቁን በሌላው ላይ ማዝመት የቅኝ ገዥዎች የቆየ ዘዴ ነው። ይህ ጥንቃቄ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ አዛዦቹ እምቢታን ይፈሩ ነበር።

ማሌቲ በ1933 ዓ.ም. በግብፅ በረሃ በውጊያ ሞተ። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በኢጣሊያ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ ግን ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ተፈታ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈጸመው ግፍ አንድም ችሎት ሳይቀርብ በ1947 ዓ.ም. ሞተ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።