ፋቼንዳ ቺክን እና ፋውለር

ፋቼንዳ ቺክን እና ፋውለር በእንግሊዝ አገር የታየ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ሥራውን ለቆ የራሱን ንግድ የከፈተ ሰው ስለ ቀድሞ አሠሪው ደንበኞች የሚያውቀውን መጠቀም ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ መልሷል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በሕግ መጻሕፍት የ1986 እ.ኤ.አ. ፍርድ ተብሎ ይጠቀሳል።

የክርክሩ መነሻ

ፋቼንዳ ቺክን ዶሮ አርብቶና አርዶ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ፋውለር በ1973 እ.ኤ.አ. የሽያጭ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ማቀዝቀዣ ባላቸው መኪናዎች እየዞሩ ትኩስ የዶሮ ሥጋ የመሸጥን ዘዴ ለኩባንያው ያመጣውም እሱ ነው። በ1980 ሥራውን ለቀቀና በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ንግድ በዚያው አካባቢ ጀመረ። ስምንት የኩባንያው ሠራተኞችም ወደ እሱ ሄዱ።

ኩባንያው ከሰሰ። የደንበኞቹ ስምና አድራሻ፣ መኪናዎቹ የሚሄዱበት መንገድ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ምን ያህል፣ በየትኛው ቀንና በስንት ዋጋ እንደሚገዛ ምስጢር ነው ሲል ተከራከረ። ነገር ግን በሠራተኞቹ የሥራ ውል ውስጥ ከለቀቁ በኋላ እንዳይወዳደሩ ወይም ደንበኞችን እንዳይጠይቁ የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። ክርክሩን የወሰነው በአብዛኛው ይህ ጉድለት ነው ማለት ይቻላል።

ፍርዱ

ኩባንያው በመጀመሪያው ፍርድ ቤትም በይግባኝም ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ሠራተኛ የሚያውቀውን ነገር ለይቶ ተመለከተ። ማንም ሊያገኘው የሚችል መረጃ ምስጢር አይደለም። በሥራ ላይ እያለ ለሌላ ሊነግር የማይገባው፣ ሲለቅ ግን ከሙያው ጋር በጭንቅላቱ ይዞት የሚሄድ መረጃ አለ። እውነተኛው የንግድ ምስጢር፣ ለምሳሌ የአሠራር ቀመር፣ ከሥራ ከለቀቁ በኋላም የተጠበቀ ነው። የዶሮ ደንበኞቹ መረጃ፣ ዋጋውም ጭምር፣ የንግድ ምስጢር አይደለም ተባለ። ሾፌሮቹም ሆኑ ሌሎች ሠራተኞች ለዕለት ሥራቸው የሚጠቀሙበት ነበርና።

ሆኖም ፍርዱ ሁሉን አይፈቅድም። ሠራተኛው ገና ተቀጥሮ ሳለ የደንበኞችን ዝርዝር ከገለበጠ፣ ወይም በኋላ ሊጠቀምበት አስቦ ሆን ብሎ በቃሉ ካጠና፣ የታማኝነት ግዴታውን ጥሷል። ለዚህ የሚጠቀሰው የ1895ቱ የሮብ እና ግሪን ጉዳይ ነው። (በነገራችን ላይ ይህም የወፍ ንግድ ነበር።) ለአደን የሚሆኑ ወፎችንና እንቁላላቸውን ለሚሸጥ ነጋዴ የሚሠራ ሥራ አስኪያጅ የደንበኞችን ስም ከትእዛዝ መዝገቡ ገልብጦ የራሱን ንግድ ከፈተ፤ ካሳ እንዲከፍልም ተፈረደበት።

በኮምፒውተር ዘመን

መዝገቡን የኮምፒውተር ፋይል ሲተካው ጥያቄው መልኩን ለወጠ። በ2007 ፔንዌል የተባለ አሳታሚ ባቀረበው ክስ፣ በአሠሪው የኢሜይል ሥርዓት ውስጥ የተቀመጠ የአድራሻ ዝርዝር የአሠሪው ንብረት ነው ተብሏል። ሠራተኛው የግል ወዳጆቹን አድራሻ አብሮ ቢያስገባበትም ዝርዝሩን በሙሉ ገልብጦ መሄድ አይችልም።

ዛሬ አሠሪዎች በፋቼንዳ ውል ውስጥ ያልነበረውን አንቀጽ አስቀድመው ይጽፋሉ። ፍርድ ቤቶች የሚያጸኑት ጊዜው የተወሰነና ምክንያታዊ ከሆነ ነው፤ ሠራተኛው ራሱ ያስተናግዳቸው ከነበሩ ደንበኞች አልፎ የኩባንያውን ደንበኞች በሙሉ የሚከለክል አንቀጽ ብዙ ጊዜ ለመጽናት ይቸገራል።