የወታደር ደብተር ምስክርነትና ወሰኑ

ከጦርነት በኋላ የሚቀረው ምስክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የሰው አንደበት፥ ሁለተኛው ወረቀት። አንደበት በዘመን ብዛት ይደክማል፤ እፍረትና ፍቅርም ወዲያና ወዲህ ያዘነብሉታል። ወረቀት የተጻፈበትን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ አስተውሎ የሚጠይቀው ካላገኘ የሚናገረው ጥቂት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፈ አንድ የጀርመን ወታደር በየትኛው ጦር ውስጥ እንደ ነበረ ከመታወቂያ ደብተሩ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ጀርመን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. የወታደርነትን ግዴታ መልሳ ካወጀች በኋላ፥ ለምልመላ የቀረበ ሁሉ ቬርፓስ የሚባል የአገልግሎት ደብተር ይሰጠው ነበር። ወደ ጦሩ ሲገባ ይህ ደብተር በጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፤ በጦርነቱም ጊዜ በኪሱ የሚይዘው ዞልድቡኽ፥ ማለት የደመወዝ ደብተር ነበር። ስሙ የደመወዝ ይባል እንጂ ዋናው መታወቂያው እርሱ ነበር። የማዕረጉ እድገት፥ የደሙ ዓይነት፥ የተቀበለው ልብስና መሣሪያ፥ የተኛበት ሆስፒታል፥ የወሰደው ፈቃድና የተሸለመው ኒሻን ሁሉ በዚያ ይጻፋል።

የጦሩ ስም የሚገኘው በአራተኛው ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ወታደሩን መልምሎ ያሠለጠነው ተጠባባቂ ጦርና በግንባር የተዋጋበት ጦር በየስፍራቸው ተለይተው ተመዝግበዋል። ጀማሪ መርማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁለቱን በመቀላቀል ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው ሞላላ ብረትም እንዲሁ ያሳስታል፤ በላዩ የተቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱን መጀመሪያ የሰጠው ጦር እንጂ ወታደሩ በኋላ የተዋጋበት አይደለምና። ወታደሩ ሲዛወር የቀድሞው ጽሑፍ በመስመር ተሰርዞ አዲሱ ይጻፋል፤ ስለዚህ የተሰረዘውም ከአዲሱ ጋራ ሊነበብ ይገባል።

ማኅተሞችም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል በጦሩ ስም ፈንታ አምስት አኃዝ ያለው የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር ይታተም ነበር። አንዱ ቁጥር በልዩ ልዩ ጊዜ ለልዩ ልዩ ጦር ተሰጥቶ ሊገኝ ስለሚችል፥ ቁጥሩ ያለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም።

ደብተሩ ብቻውን ካልበቃ ወደ መዛግብት መሄድ ግድ ነው። በ1939 ዓ.ም. በበርሊን የተቋቋመው የጦር ሠራዊቱ መረጃ ቢሮ የሞቱትን፥ የቆሰሉትንና የጠፉትን ይመዘግብ ነበር፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ የሆኑት የስም ካርዶቹም በ2019 ዓ.ም. ከሥራው ጋራ ወደ ጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ተላልፈዋል። ከጥፋት የተረፉት የጦሮቹ የዕለት ውሎ መዝገቦች በፍራይቡርግ ከተማ በሚገኘው የጦር ቤተ መዛግብት ይጠበቃሉ። ነገር ግን በኤፕሪል 1945 ዓ.ም. በፖትስዳም የነበረው የጦር ሠራዊት ቤተ መዛግብት በአውሮፕላን ስለ ተደበደበ ብዙ ጽሑፍ ተቃጥሏል። ስለዚህ ከአንድ ቤት የተረፈች ትንሽ ደብተር የጠፋ መዝገብ ምትክ የምትሆንበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ኦገስት 16 ቀን 1943 ዓ.ም. በምዕራብ ግሪክ በምትገኘው በኮሜኖ መንደር 317 ሲቪሎች ተገደሉ። ገዳዩ የአንደኛው የተራራ ክፍለ ጦር፥ የ98ኛው ሬጅመንት 12ኛ ሻምበል ነበር። አንድ ቤተሰብ የአያቱን ደብተር ከፍቶ የክፍለ ጦሩን ስም ቢያገኝ ምን ይላል? በክፍለ ጦሩ ውስጥ ብዙ ሺሕ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ በዚህ ብቻ ነፍሰ ገዳይ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። «አያታችን ደግ ሰው ነበርና በዚያ አልነበረም» ማለትም እውነትን መሸሽ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሬጅመንቱንና ሻምበሉን መለየት፥ ቀጥሎም በዚያ ቀን ወታደሩ በሆስፒታል ወይም በፈቃድ ላይ መሆን አለመሆኑን ከደብተሩ መመርመር ነው። ምርመራው በሻምበሉ ውስጥ እንደ ነበረ ቢያረጋግጥ እንኳ፥ በእጁ ያደረገውን ደብተሩ አይናገርም። የወረቀቱ ወሰን ይህ ነው።

እንግዲህ የታሪክ መምህር ለተማሪዎቹ ሊያስተምር የሚገባው ይህን ሥርዓት ነው። ማን ጻፈው፥ መቼ ጻፈው፥ ስለ ምን ጻፈው፥ ምንስ ሳይጽፍ ተወ ብሎ መጠየቅን የተማረ ልጅ በወሬ ሰውን አይኰንንም፤ በፍቅርም በደልን አይሸፍንም። የጦርነቱን ቀኖች በቃል ማጥናት መልካም ነው፤ ሆኖም ምስክርን በትዕግሥት መርምሮ ከማስረጃው ሳያልፍ መፍረድ ከዚያ የሚበልጥ ዕውቀት ነው።